የሐሙስ ሰዓት

በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ፣ ቅዱስ ቁርባን በመሠዊያው ላይ ተገልጦ በሚውልባት ትንሽ የካቶሊክ ጸሎት ቤት ውስጥ፣ የስግደቱ ተራ የልብስ ሰፊዋ ነው። ተረኛ ሰው ተተኪው ሳይመጣ አይነሳም፤ በቁርባኑ ያለውን ጌታ ብቻውን መተው አይገባም። እሷ በዚህ ላይ የራሷን ሕግ ጨምራበታለች፤ በሷ ሰዓት የሚያስል ሰው እንኳ በዓይኗ ይገሠጻል። ምእመናኑ “ጸጥታ” ብለው ስም ያወጡላት ለዚህ ነው።

የምትለምነው አንድ ነገር ነበር። እናታቸው በሞተች ጊዜ፣ አስከሬኑ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ታናሽ እህቷን በሰው ፊት “አንቺ ነሽ የገደልሻት!” ብላታለች። እህቷ እናታቸውን ስታስታምም ከርማ፣ በመጨረሻዋ ሌሊት እንቅልፍ ጥሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም።

“ጌታ ሆይ፣ ልቤ ክፍት ነው። ልታረቃት ወይስ ልተወው? ንገረኝ” ትልና ጆሮዋን አቅንታ ትጠብቃለች።

የሚተካት ጡረተኛ አስተማሪ በመጣ ቁጥር በሹክሹክታ ይቀልድባታል።

“ጸጥታ፣ ዛሬስ ተናገረሽ?”

“ገና ነው፣ ጋሼ።”

“ፈርቶሽ ይሆናላ!”

አንድ ሐሙስ ትከሻዋን የሚነካት ሰው መጣ።

“እትዬ።”

ታናሽ እህቷ ናት። ከመክሳቷ የተነሳ ሹራቧ ትከሻዋ ላይ ተንዘላዝሏል። መጥበብ አለበት፣ አለች ልብስ ሰፊዋ በልቧ።

“እትዬ፣ ነገ ቀዶ ጥገና አለብኝ። አስታማሚ ይዘሽ ነይ ብለውኛል። ሰው የለኝም።”

ልብስ ሰፊዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

“አትናገሪ እሺ። ራስሽን ብትነቀንቂልኝ ይበቃኛል።”

ጣቷ ከቦታው አልተነሳም። እህቷ ፈገግ አለች።

“በቃ፣ ከሱ ጋር ስትጨርሺ እኔንም አስቢኝ።”

ኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። አስተማሪው ግን ዘገየ። እህቷ ወጥታ በሩ ሲዘጋ ልብስ ሰፊዋ ዞራ አላየችም፤ እንዲያውም ፈተናውን በማለፏ ደስ አላት።

“እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነው” አለ አስተማሪው ሲደርስ። “ዛሬስ ተናገረሽ?”

“በየት በኩል! እህቴ መጥታ አስታምሚኝ እያለች ስትረብሸኝ።”

“እህትሽ? ታዲያ ምን ቆመሽ ታወሪያለሽ? ሩጪ እንጂ!”

“በስሜት አልሄድም፣ ጋሼ። በሚቀጥለው ሐሙስ እጠይቀዋለሁ። ሂጂ ካለኝ እሄዳለሁ።”

እህቷ ከቀዶ ጥገናው አልነቃችም። ከሆስፒታሉ ልብሷን በላስቲክ ከረጢት ሰጧት። ከቀብር መልስ ሹራቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የትከሻውን ስፌት ፈታችው። ለማን እንደምታጠብበው ያሰበችው መርፌውን ከሰካች በኋላ ነው።

ሐሙስ ሲደርስ እንደ ወትሮዋ ሄዳ ተንበረከከች። “ልቤ ክፍት…” ብላ ጀምራ ተወችው። አስተማሪው ያን ቀን ቀደም ብሎ መጣ፤ አንገቱን ደፍቶ አጠገቧ ቆመ።

“ዛሬ አይጠይቁኝም?” አለችው።

“ምን ብዬ፣ ልጄ?”

“ተናግሮኝ ነበር እኮ፣ ጋሼ” አለች፣ ድምጿን ሳትቀንስ። “እዚሁ ድረስ መጥቶ፣ ትከሻዬን ነክቶ። ዝም በል አልኩት።”

ከፊት ተንበርክካ የምትጸልይ ሴት ዞር ብላ በቁጣ አየቻትና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።