የትራያንካ እግር

ብላጎያ በፕሪሌፕ ከተማ ሠላሳ ዓመት መኪና ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነው። ሞተር ገና ሲነሣ ድምፁን ሰምቶ በሽታውን ይናገራል ይባልለት ነበር፤ እሱም ይህን ሲሉለት ደስ ይለዋል። ይህን ያህል የሚመሰገን ሰው የገዛ ሚስቱን መኪና ኮፈን ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ከፍቶ አላየም።

ሚስቱ ትራያንካ ያኔ ተራራው ላይ ባለች መንደር አስተማሪ ነበረች። በትንሿ ቀይ መኪናዋ ጠዋት ወጥታ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። አንድ ሰሞን መኪናዋ ከቆመችበት ልትነሣ ስትል ወባ እንደያዘው ሰው መንቀጥቀጥ አመጣች። ትራያንካ ጋራዡ ድረስ ሄዳ ነገረችው።

«ስነሣ ብቻ ነው የምትንቀጠቀጠው። መንገድ ከያዘች በኋላ ደህና ናት። ዳገት ላይ ደግሞ የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል።»

ብላጎያ ከሰው መኪና ሥር ብቅ ብሎ፣ «መኪናዋ መቼ ተንቀጠቀጠች፣ የምትንቀጠቀጪውስ አንቺ! ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂው። እግርሽ ነው» አላት።

አጠገቡ የነበሩት ወንዶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ በሠፈሩ የማንም መኪና ሲነሣ ከዘለለ «የትራያንካ እግር» ይባል ጀመር። ሁለት ጊዜ ደግማ ነገረችው፤ ሁለቴም ያንኑ መለሰላት።

በረዶ በጣለ በሳምንቱ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወላጆች ቆመው እያዩ፣ መኪናዋ ዘልላ ሞተሯ ጠፋና ወደ ኋላ ተንሸራትታ አጥሩን ገጨች። ሰው አልተጎዳም። ትራያንካ ግን በፖስታ መኪና ተሳፍራ ወደ ከተማ ወረደች፤ ቁልፉንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እውነትህን ነው፤ እኔ ለመንዳት አልተፈጠርኩም» አለችው።

ወደዚያች መንደር የሚወጣ አውቶቡስ ስለሌለ ማስተማሩን ተወች። ትምባሆ መጋዘን ገብታ ቅጠል ትለይ ጀመር። መኪናዋም ተጎትታ መጥታ ግቢው ውስጥ ወይኑ ሥር ቆመች።

ባለፈው መኸር ከጎረቤቷ ከተማ ከቢቶላ አንዲት ነርስ ርካሽ መኪና እንደምትፈልግ ሰማና ብላጎያ ቀይዋን ሊሸጥላት አሰበ። ባትሪ ቀየረ፣ ጎማ ነፋ፣ አስነሣት። በሩ ላይ ካለችው ትንሽ ዳገት ሲደርስ ቆም አለና አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ጀመረ። መኪናዋ ጥርሱ እስኪንገጫገጭ አንዘፈዘፈችው። ፍሬን ያዘና እንደገና፣ አሁን እንቁላል ላይ እንደሚራመድ ሰው እግሩን ቀስ አድርጎ ሞከረ። ያው ነው።

ጎረቤቱ ሜቶዲ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሲያይ ኖሯል።

«ምነው ብላጎያ፣ የትራያንካ እግር ያዘህ እንዴ?»

ብላጎያ ሊስቅ ፈለገ፤ ሳቁ አልመጣለትም። «ና እስቲ መሪው ላይ ተቀመጥ» አለው። ሜቶዲ ፍሬኑን ረግጦ፣ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በትንሹ ሲለቅ ብላጎያ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ተመለከተ። ሞተሩን የያዘው ጎማ ተበጥሶ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ወዲያ ወዲህ ይዘል ነበር። አልዘለለም። መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ የእጅ ባትሪ አብርቶ ከሥሯ ገባ። በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ ዘይት ወርዶ ነበር። ካምቢዮውን ሲያወርደው የፍሪሲዮኑ ዲስክ ዘይት ጠጥቶ፣ ተቃጥሎ፣ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። ከሞተሩ ኋላ ዘይት የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት አልቋል። የፈሰሰው ዘይት ደግሞ የዛሬ አልነበረም፤ እንደ ሬንጅ ደርቋል።

የተቃጠለው ነገር ሽታ ትዝ አለው። የመኪናዋን በሽታ እሷው ራሷ ነግራው ነበር። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቢያይ ይበቃ ነበር።

ቀለበቱንም ዲስኩንም በአዲስ ቀየረ፤ ሌላውን በቤንዚን አጠበ። በማግስቱ ከሰዓት መኪናዋ ዳገቱን ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ ወጣች። ትራያንካ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ጠበቃት።

«እግርሽ አልነበረም» አላት። «ዘይት ነው። ያኔም ዘይት ነበር።»

ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። «ይሸተኛል ብዬህ ነበር።»

«ብለሽኛል።»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስት ጊዜ። ለሁሉም እነግራቸዋለሁ፣ ጋራዥ የሚመጡትን አንድ በአንድ...»

«እነሱ ምን ያደርጉልኛል? ትምህርት ቤቱ እንደሆነ ልጅ አጥቶ ከተዘጋ ሦስት ዓመቱ ነው።»

ቁልፉን ሰጣት። ብዙ ካመነታች በኋላ ገብታ ተቀመጠች፤ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች፤ መኪናዋም እንደ ውኃ ሄደች። እመንገዱ ጫፍ ደርሳ ተመለሰችና ሞተሩን አጠፋች። ስትወርድ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«ለካ ደህና ነጂ ነበርኩ» አለች።

«አንሸጣትም። ያንቺው ትሁን።»

«ሽጣት። አሁን የት ልሄድባት ነው?»

ነርሷ ቅዳሜ መጣች። ብላጎያ ምን እንደተበላሸና ለምን ሰባት ዓመት እንደቆመች ምንም ሳይደብቅ ነገራት። ነርሷ ትራያንካን ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ሒሳቡን ከፍላ መኪናዋን አስነሥታ ወደ ቢቶላ መንገድ ወረደች።

ባልና ሚስት በሩ ላይ ቀሩ። «ይቅር በይኝ» አላት።

ትራያንካ የሻርፗን ጫፍ እያስተካከለች፣ «ሰምቻለሁ» አለችውና ወደ ቤት ገባች። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላለችም።