ከበሩ በላይ ያለው ምንጣፍ

አስጎብኚው ሙሐዲን በጣቱ ከበሩ በላይ ሲጠቁም ዋፊቃ ከሻንጣዋ ዚፕ ጋር እየታገለች ነበር። ፈረንጆቹ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ከበሩ በላይ በተሰቀለው እንጨት ላይ የተጠቀለለ ቀይ ምንጣፍ ተጋድሟል። በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ያደገ ሰው ትርጉሙን አይጠይቅም፤ እዚህ ቤት ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ፈረንጆቹ ሲነገራቸው ከምንጣፉ ወደ ዋፊቃ ዞረው ፈገግ አሉ። አንዷማ ካሜራዋን አነሳች።

"ልጅቷ ልትሄድ ነው በላቸው" አለች ዋፊቃ።

"እሱን ከተረጎምኩት ወጉ ይበላሽብኛል" ብሎ ሙሐዲን እየሳቀ ወደ ግቢው ይዟቸው ወጣ።

የእናቷ የናፊያ ቤት ለጎብኚ ክፍት ከሆኑት የሐረሪ ቤቶች አንዱ ስለሆነ፣ ዋፊቃ መታየት ብርቋ አይደለም። ዛሬ ያናደዳት ሌላ ነው። አጎቷ አው ሀሚድ ከሁሉም ከፍ ባለው መደብ ላይ፣ ሟች አባቷ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ተደላድለው፣ እሷን ሳይጠይቁ የቆረጡትን ቀን ይነግሯታል።

"ሰዎቹ እሁድ ለትዳር ሊጠይቁሽ ይመጣሉ። የት ሄደች ሲሉኝ ጉድጓድ ገብታለች ልበል?"

"ወንጪ ሄዳለች ይበሏቸው።"

"ምን አለ እዚያ?"

"ድሮ እሳተ ገሞራ የከፈተው ትልቅ ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ሐይቅ፣ ሐይቁ ላይ ደሴት።"

"ታዲያ አምና አላየሽውም?"

አይታዋለች። የጂኦሎጂ ተማሪ ሳለች ከጓደኞቿ ጋር ሄዳ፣ በጀልባ ወደ ደሴቱ ተሻግራ፣ በተራራው አፍ ውስጥ እንሰት ተክለው ከሚኖሩት ከወይዘሮ ገላነሽ ቤት አድራ ነበር። ሴትዮዋ ጠዋት ከጓሯቸው በታች ወደሚፈልቀው ፍል ውሃ ወሰዷት። እጃቸውን እየነከሩ፣ "ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል። ይሄ ተራራ ይነሳብን ይሆን?" አሏት። ዋፊቃ አላውቅም ማለት አሳፈራትና፣ "ተመልሼ እነግርዎታለሁ" አለች። ቃሏ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሲቆረቁራት ከረመ። አሁን የተራራውን ሙቀትና ጋዝ የሚለካ ቡድን ለአንድ ወር ሊወስዳት ተስማምቷል። ዛሬ ካልተነሳች ቦታዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

"ተራራ አፍ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ጤነኛ ነው?" አሉ አው ሀሚድ።

"እነሱም ጅብ እየተጋፋችሁ እንዴት ትኖራላችሁ ብለውኛል።"

ናፊያ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ደበቀች።

"ጅቡንማ እናውቀዋለን!"

"እነሱም ተራራቸውን ማወቅ ይፈልጋሉ። ለዚያ ነው የምሄደው።"

"ወላሂ፣ ያቺ ሴት ዘመድሽ አይደለችም።"

"ቃል ሰጥቻቸዋለሁ።"

"እኔስ ለሰዎቹ ቃል አልሰጠሁም?"

"የእርስዎን ቃል እርስዎ ይጠብቁ፤ የእኔን እኔ እጠብቃለሁ።"

ዋፊቃ አጎቷን እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም። ቢሆንም ያለችውን ለመመለስ አልፈለገችም። እንዲያውም ደስ ብሏታል።

"የምትተኚበትንስ?" አለች ናፊያ ድንገት። "የቡድኑ ሰዎች ምንጣፋችሁን ይዛችሁ ኑ ብለዋል አላልሽኝም?"

ዋፊቃ ረስታው ነበር። የወንጪን ብርድ ታውቀዋለች፤ መሬቱ ከሥር ቢሞቅም ሌሊቱ አጥንት ይበላል። ዙሪያውን ስታማትር ዓይኗ ከበሩ በላይ አረፈ። በርጩማ ስባ ወጣችበትና ምንጣፉን አወረደችው። አቧራው በአው ሀሚድ ኮፍያ ላይ ሳይቀር በነነ።

"ምን እያደረግሽ ነው? ሰው ባዶውን ሲያይ ምን ይላል?"

"ልጅቷ ቤት የለችም ይላል። ውሸት የለበትም።"

አው ሀሚድ ወደ ናፊያ ዞሩ። "አንቺ እናቷ አይደለሽም? ተናገሪያት እንጂ!"

ናፊያ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ በእጇ ገመድ ይዛለች።

"በዚህ እሰሪውና እዘይው፤ ይቀልሻል። በይ፣ ቢስሚላህ ብለሽ ውጪ።"

ዋፊቃ የእናቷን እጅ ስማ፣ ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። ከደጃፉ ሳትርቅ ሙሐዲን ሌሎች ጎብኚዎችን እየመራ ወደ ቤቱ ገባ። እንደ ልማዱ ወደ ላይ ጠቁሞ መናገር ሲጀምር ድምፁ ተቋረጠ።

"ምን ሆነህ ነው?" አለች ናፊያ ከውስጥ። "ተርጉምላቸው እንጂ። ልጄ ተራራ ልታይ ሄዳለች።"

ሙሐዲን ተረጎመ። ዋፊቃ እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ ምንጣፉን በትከሻዋ አስተካክላ ወደ ጀጎሉ መውጫ፣ ወደ ሸዋ በር መንገዷን ቀጠለች።