የዋሙዩ ወንበር

ጋቶኒ ያንን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየችው እግዜር ይቁጠረው። ከአራት ዓመት በፊት ልጇ ሙካሚ፣ አውስትራሊያ ፐርዝ አውሮፕላን ማረፊያ፣ አማቷን ስትቀበል የተቀረጸ ነው። አማቲቱ ዋሙዩ በዊልቸር እየተገፋች ብቅ ትላለች። ሙካሚ እንዳየቻት እየሮጠች ሄዳ እግሯ ሥር ትንበረከክና ጉልበቷን አቅፋ ታለቅሳለች። ዋሙዩ ወደ አገሯ ኬንያ፣ ወደ ካራቲና ከተማ ስትመለስ ይህን ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ማኅበር አንድ በአንድ አሳየች። «ወይ መታደል! ምራት ሳይሆን ልጅ ነው ያገኘሽው» አሏት። ጋቶኒ እዚያው መካከላቸው ተቀምጣ ነበር። አምጣ የወለደችው እሷ፣ የተለቀሰላት ሌላ።

አሁን ግን ተራው የእሷ ነው። በኪኩዩ ሕዝብ ወግ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ የአባቷን እናት ስም ትይዛለች፣ ሁለተኛዋ ደግሞ የእናቷን እናት። የሙካሚ የመጀመሪያ ሴት ልጅ ዋሙዩ ተብላ አራት ዓመት ሞላት። ባለፈው ወር ሁለተኛዋ ተወለደች፤ እሷም ጋቶኒ ተባለች። ስምሽ የተሰጠው ሕጻን አንቺው ነሽ፣ እንደገና ተወለድሽ ማለት ነው። ጋቶኒ ከሙካሚ ሌላ ልጅ ስለሌላት፣ ዳግመኛ የምትወለደው በዚህች ሕጻን ብቻ ነበር። ስለዚህ ከጉዞው የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ልጇ ወደ እሷ እንድትሮጥ፣ ሕጻኗንም ከዋሙዩ በፊት እንድታቅፍ።

ችግሩ ትኬቱ ሁለት መሆኑ ነው። ዋሙዩም አብራ ትሄዳለች።

ናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ዘመድ አዝማዱ በኮንትራት ማታቱ ሚኒባስ ታጭቆ ሸኛቸው። ፓስተሩ ጸሎቱን ሳይጨርስ አንድ ሠራተኛ ዊልቸር እየገፋ መጣና «ማማ ዋሙዩ የትኛዋ ናት?» አለ። ዋሙዩ፣ ትናንት ሻይ ስትለቅም የዋለች፣ ቅርጫት ሙሉ ቅጠል አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት፣ ወገቧን ያዝ አድርጋ «እህህ» እያለች ተቀመጠች።

«ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለች ጋቶኒ።

«ምንም። ሰልፍ ነው የምጠላው። እዚህ ላይ የተቀመጠ ሰው ሰልፍ አይቆምም፣ መንገድ አይጠፋውም፣ የእንግሊዝኛ ጥያቄ አያስጨንቀውም። ሙካሚ ናት ያዘዘችልኝ። ላንቺ አላዘዘችም?»

ሙካሚ በስልክ ጠይቃት ነበር። «ሽባ መሰልኩሽ?» ብላ የጮኸችባት ራሷ ጋቶኒ ናት። ይህን ግን ለዋሙዩ ምን ሲደረግ ትነግራታለች! ከዊልቸሩ ጎን ጎን ኩስ ኩስ ማለት ጀመረች። የተጫማችው ለዚሁ ቀን ብላ የገዛችውን ጥቁር ቆዳ ጫማ ነው፤ ቪዲዮ መነሳቱ አይቀርምና።

የመጀመሪያው በረራ አጭር ስለነበር ቻለችው። ከዐረብ አገር ወደ ፐርዝ የሚወስደው ግን ማለቂያ የለውም። ዋሙዩ መተላለፊያው ዳር ተቀመጠች፣ ጋቶኒ መስኮቱ ሥር ተሸጎጠች። ዋሙዩ ከቦርሳዋ ዕቃዋን ታወጣ ጀመር። የአንገት ትራስ። እግር ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ። የዓይን መሸፈኛ። ሁሉንም ባለፈው ስትመለስ የገዛችላት ሙካሚ ናት። ጋቶኒ እያንዳንዱን በጎሪጥ አየችው። በጀርባዋ ያዘለቻት ልጅ ለሰው እናት አንገት ትራስ ትገዛለች!

«ጫማሽን አውልቂ የሙካሚ እናት» አለች ዋሙዩ። «ይህን ሁሉ መንገድ ታስሮ እግርሽ ያብጣል።»

«ያብጥ። እግሩ የኔ ነው።»

«እሺ ውሃ ጠጪ። ያንን ሶዳ ተዪው፣ ሆድ ይነፋል።»

«ውሃ ጠጥቼ ባንቺ ላይ እየተሻገርኩ ሽንት ቤት ልመላለስ?»

«ተመላለሺ እንጂ! መነሳቱ እኮ ነው መድኃኒቱ። ዳሩን የያዝኩት ለምን መሰለሽ?»

«ለራስሽ ነዋ! መቼ ለሰው አስበሽ ታውቂና።»

ዋሙዩ ሳቀች። «ታላቅሽን አክብሪ። በሞክሼዎቻችን ከሆነ እኔ አራት ዓመቴ ነው፣ አንቺ ገና አንገትሽም አልጸና። ትራሱስ የሚገባው ላንቺ ነበር።»

ጋቶኒ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጭኗ ላይ ያስቀመጠችውን ዕቃ አቀፍ አድርጋ ስታስተካክል ዋሙዩ አየችባት። ለሙካሚ የተቀቀለ ጥቁር አደንጓሬ ነው። አራስ ይህን ካልበላች ጡቷ አያግትም።

«እሱን እዚሁ ብንበላው ይሻላል። እዚያ እህል አያስገቡም፣ ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚደፉት።»

«ባዶ እጄን እንድገባ ፈልገሽ ነው አይደል?»

«እንደ ወደድሽ» አለች ዋሙዩ። ዓይኗን ሸፈነችና ወዲያው እንቅልፍ ይዟት ሄደ፤ ያውም አፏን ከፍታ።

ጋቶኒ በሰው ሀብት ቀንታ ታውቃለች፣ በሰው ልጅም ቀንታ ታውቃለች፣ በሰው እንቅልፍ ስትቀና ግን የመጀመሪያዋ ነው። አንገቷን ወደ መስኮቱ ስታስጠጋ ብርዱ ጆሮዋን በላት፣ ወደ ፊት ስትደፋ ምራቋ ሊፈስ ሆነ፣ ወደ ቀኝ ስታዘነብል የዋሙዩ ትከሻ ተቀበላትና እንደተቃጠለች ሁሉ ብድግ አለች። ቁርጭምጭሚቷ ጫማው ውስጥ ይነድዳል። ውሃ ጥሟታል፣ ግን ውሃ ከጠየቀች ዋሙዩ ልክ ነበረች ማለት ነው።

በኋላ ዋሙዩ ተነስታ ወደ ኋላ ሄደች። ትራሱ መቀመጫው ላይ ቀረ። ጋቶኒ ግራ ቀኝ አየችና አነሳችው። እስክትመለስ ብቻ፣ ልጄ የገዛችው ምን እንደሚመስል ልየው ብቻ ብላ አንገቷ ላይ አደረገችው።

ስትነቃ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ነበር። ትራሱ አሁንም አንገቷ ላይ ነው። ዋሙዩ ሻሿን ጠቅልላ ተንተርሳ ተኝታለች። ብትቆጣት፣ ብትነጥቃት ምን ነበረበት! ጋቶኒ ትራሱን ቀስ ብላ አውጥታ ዋሙዩ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ ዓይን ዓይኗን አላየቻትም።

ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው ነገሩ። ማረፊያው ሲቃረብ ሕመሙ ቢጠናባት ጫማዋን በድብቅ አወለቀች። አውሮፕላኑ ቆሞ ሰው ሲነሳ ልታጠልቀው ብትታገል እግሯ ሊጥ ሆኗል፣ እንኳን ተረከዟ ጣቶቿም አልገቡ። አውሮፕላኑ ውስጥ በታደለ ስስ ካልሲ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እያነከሰች ወረደች። ዋሙዩ በሩ ላይ በተዘጋጀላት ዊልቸር ተቀምጣ ከፊት ከፊት እየተገፋች ትሄዳለች።

ፍተሻው ጋ አንዲት ፈታሽ የአደንጓሬውን ዕቃ ከፈተች፣ አሸተተች፣ በትሕትና ፈገግ ብላ ገለበጠችው። ጋቶኒ ሁለት ቀን ለቅማ፣ ሌሊቱን ዘፍዝፋ፣ በእንጨት እሳት ያበሰለችው ነው። የሚያብረቀርቀው ወለል ላይ በካልሲ ቆማ፣ ባዶ ዕቃና ጠባብ ጫማ ይዛ፣ እንባዋ መጣ። እንዲህ ሆና ነው ልጇ የምታያት።

ዋሙዩ የምትገፋትን ሠራተኛ «ቆዪ» አለቻት። ተነሳች።

«ተቀመጪ» አለቻት ጋቶኒን።

«አልቀመጥም።»

«የሙካሚ እናት፣ አትድረቂ። ከዚያ በር ውጪ ያሉት የሚሮጡት ወደ ተቀመጠው ነው። አውቀዋለሁ። ተቀመጪ።»

ጋቶኒ ተቀመጠች። እግሯ ከመሬት ሲነሳ የተሰማት ዕረፍት ሊገለጽ አይችልም። ዋሙዩ ሁለቱንም የእጅ ቦርሳ አነገተች፣ የጋቶኒን ጫማ ከእጇ ተቀበለች፣ ከኋላ ተከተለች።

በሩ ተከፈተ።

«እማ!» ሙካሚ ሰው ገፍታ መጣች። «እማዬ፣ ምን ሆንሽብኝ? እግርሽ!» ወለሉ ላይ ተንበርክካ ያበጠውን እግር አቀፈች፣ አለቀሰች። ልክ እንደ ቪዲዮው ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል። ከኋላዋ ባሏ ካቢሩ ሕጻኗን ታቅፎ ቆሟል። አማት የሚከበር ነውና እናቱን ሳይስም ለአማቱ እጅ ነሳ፣ ሕጻኗንም ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

«እቺውልሽ ጋቶኒ» አለች ሙካሚ እንባዋን እየጠረገች።

ሕጻኗ ታዛጋለች። ግንባሯ የጋቶኒ ነው፣ ጆሮዋም የጋቶኒ ነው። ጋቶኒ ጎንበስ ብላ አየቻት። ተወልጃለሁ አለች በልቧ። ወዲያው አራት ዓመቷ ዋሙዩ ጎማውን አይታ በደስታ እየጮኸች መጣች፣ አያቷን ዋሙዩን አልፋ፣ የዊልቸሩ እግር ማሳረፊያ ላይ ዘላ ወጣች። «ግፉኝ! ግፉኝ!»

ጋቶኒ ያኔ ነው ቀና ያለችው። ትልቋ ዋሙዩ ብቻዋን ቆማለች። በአንድ ትከሻዋ ሁለት ቦርሳ፣ በእጇ የሰው ጫማ። ፈገግ ብላለች፣ ግን ከንፈሯ ብቻ ነው። ስሟን የያዘችው ልጅ እንኳ አላየቻትም። ጋቶኒ ያንን ፊት አወቀችው። ከናይሮቢ እስከ ፐርዝ፣ ከዚያም በፊት በአራቱ ዓመት፣ እሷው ራሷ ይዛው የኖረችው ፊት ነው።

ተነሺ አላት ልቧ። ወንበሩ የሷ ነው፣ ስጫት። እግሬ ደኅና ነው በይ፣ ልጇ ካቢሩም ይሳማት።

«እስከ መኪናው ድረስ ብቻ» ብላ ለልቧ መለሰችለት።

ሕጻኗን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች፣ ገፊዋም ገፋች። ዋሙዩ ጫማውን ይዛ ከኋላ ተከተለቻቸው።