ካላሳከከ አልያዘም

ሦስተኛው ፌርማታ ላይ የሾፌሩ ቀኝ ዐይን ተከደነ።

አቧራ አልገባበትም፤ እንቅልፍም አልያዘውም። ከጠዋት ጀምሮ ሲከብድ የቆየው የዐይኑ ቆብ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ወረደና እዚያው ቀረ። በጣቱ ከፈት አደረገው፤ ጣቱን ሲያነሳ መልሶ ተዘጋ። ከኋላ በሩ ተከፍቶ ሰው ይሳፈራል። ወንበሩ ከሞላ ቆይቷል፤ የቆመው ከተቀመጠው በልጧል። በሩን ዘጋ፤ ማርሽ አስገባ፤ ሄደ።

መንገዱን ያውቀዋል። ዐይኔ ቢረሳው እግሬ አይረሳውም ብሎ ራሱን አጽናና። በአንድ ዐይን ሲታይ ግን መንገዱ ሌላ መንገድ ነበር። የፊቱ መኪና ቅርብ ይሁን ሩቅ አልለይ አለው። የቀኙን ስፖኪዮ ለማየት አንገቱን እንዳለ ማዞር ነበረበት፤ አንገቱን ባዞረ ቁጥር ደግሞ ፊት ለፊት ያለው ነገር ሁሉ ያመልጠዋል።

አናቱ ያሳክከዋል። ሌሊቱን ሲያሳክከው አድሮ ሲነጋ ማቃጠል ጀምሯል። እስከዚህ ፌርማታ ድረስ በዚህ አልተከፋም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር። ካላሳከከ አልያዘም ይላሉ፣ ፀጉራቸውን ቀለም የሚቀቡ ወንዶች።

ይህን ብሂል ያገኘው ከጋራዡ መታጠቢያ ክፍል ነው። ሽበታቸውን የሚደብቁ ሾፌሮች እዚያ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ገበና እንዳላየ ያልፋል፤ ምክር ግን ይለዋወጣሉ። «አንድ የማውቀው ሰው ቀለሙ ቶሎ ይለቅበታል» ይላል አንዱ እጁን እየታጠበ። «ያ ሰውዬ ሲያጥበው ውሃ ይቆጥብ» ይላል ሌላው፣ ወደ መስታወቱ እያየ። ሁለቱም ያ ሰውዬ ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሁለቱም አይስቁም።

ባለፈው ጊዜ ከጆሮው ኋላ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጥቶበት ነበር። ያም ሆኖ ቶሎ ስለለቀቀው፣ ቀለሙ ሰነፍ ቢሆን ነው ብሎ ደመደመ። ስለዚህ ትናንት ጠንካራውን ገዛ። በሻይ ማስቀመጫ ሳህን በጠበጠው፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከሥር እስከ ጫፍ ቀባው፤ ሲያቃጥለው ጥርሱን ነክሶ ከታዘዘው በላይ አቆየው። ሲያጥበውም አንድ ኩባያ ውሃ ብቻ አፈሰሰበት፤ የያዘው እንዳይለቅ። ሚስቱ የመታጠቢያ ቤቱን በር ተደግፋ ታየው ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼን ነገር ተወው። አንገትህ ቀልቷል።»

«እየያዘ ነው።»

«እኔ የማውቀው ሲይዝ ፀጉር ይጠቁራል እንጂ አንገት አይቀላም። ለመሆኑ ለማን ነው? ለእኔ እንደሆነ ሽበትህን ካንተ በፊት ያየሁት እኔ ነኝ።»

«ላንቺ አይደለም።»

«እንግዲያ ጉድ ፈላ» ብላ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ፎጣ አቀበለችው። ለማን እንደሆነ ታውቃለች።

ለስምሪቱ ነው። ሾፌሮችን በየመስመሩ የሚመድበውን ሰውዬ ሁሉም በሥራው ስም ስምሪቱ ይለዋል። አንድ ሽበታም ሾፌር አውቶቡሱን ከግንብ ጋር ካላተመ ወዲህ የተሳፋሪ አቤቱታ በዛ፤ ስምሪቱም የሽበታሞችን ቁልፍ መቀበል ጀመረ። የጻፈው ደንብ የለም፤ ዐይኑ ይበቃዋል። ጠዋት ቁልፍ ሲያድል የሾፌሮቹን ፊት ትቶ አናታቸውን ያያል። ከሾፌሩ ጋር አብሮ ያረጀ አንድ ወዳጁ ቁልፉን ተነጥቆ ዛሬ በግቢው በር ቆሞ ለሚወጣና ለሚገባው አውቶቡስ ሰንሰለት ያነሳል። ጓደኞቹ ሲያልፉ ሰንሰለቱን ያያል እንጂ ቀና ብሎ አያያቸውም።

ስለዚህ ሾፌሩ በየማለዳው ፀጉሩን በቀስታ ያርሰዋል፤ አያሸውም። በፎጣ ይጫነዋል እንጂ አይፈትገውም። ጥቂት ቅባት በመዳፉ አሙቆ ያለብሰዋል፤ በሚስቱ የእጅ መስታወት ጆሮ ግንዱን እያገላበጠ ነጭ ሥር ብቅ እንዳላለ ይመረምራል። ማበጠሪያ ከደረት ኪሱ አይለይም። ዝናብ ይፈራል። የሥራ ጓደኞቹ «ጎረምሳው» ይሉታል፤ ቀልድ ይሁን ምስክርነት አያውቅም፤ ሲጠሩት ግን ፈጥኖ ይዞራል።

«ጎረምሳው፣ ፌርማታውን በላኸው» አለች ትኬት ቆራጯ።

ፌርማታው በቀኝ በኩል ነበር። አላየውም። ፍሬን ሲይዝ የቆሙት ሁሉ ወደ ፊት ተገፉ፤ የመውረጃው ደወል ሲጮህ የቆየ መሆኑን አሁን ገና ሰማ።

«ወራጅ አለ ስንል ጆሮህን ለማን አውሰኸው ነው?» አለ አንድ ተሳፋሪ ከወደ በሩ።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ» አለ ሾፌሩ። ምላሱ ወፍራም ሆኖ ተሰማው። ከመሪው ፊት የነበረውን ጥቁር መነጽር አንስቶ አደረገ።

ትኬት ቆራጯ ከኋላው ካለችው መቀመጫ አንገቷን አሰገገች። ምላሷ የሰላ፣ ልቧ የዋህ ሴት ናት፤ በእሱ አውቶቡስ ላይ መሥራት ከጀመረች ብዙ ጊዜዋ ነው።

«በዚህ ዳመና መነጽር? ከማን ተደብቀህ ነው?»

«ብርሃኑ ወጋኝ።»

«የቱ ብርሃን? አሳየኝና እኔም ልወጋ።»

ከፊተኛው ወንበር የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብለው ያዩታል።

«ልጄ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከንፈርህን ምን ነክሶህ ነው?»

በመስታወቱ ራሱን አየ። የታችኛው ከንፈሩ ተገልብጦ ወርዷል፤ የሌላ ሰው ከንፈር በእሱ ፊት ላይ የተለጠፈ ይመስላል። እዚያ ላይ ማቆም ነበረበት። አላቆመም። ቢያቆም ምን ሆንክ ይሉታል፤ ምን ሆንክ ካሉት አናቱን ይዳስሱታል። መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ልድረስ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ አለ በልቡ። እጁ ግን መሪው ላይ አላረፈም፤ ላቡ መሪውን አሟልጮታል።

ከአደባባዩ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። ታች፣ ቁልቁለቱ በሚያልቅበት፣ የትምህርት ቤት በር አለ፤ ሕፃናት የሚሻገሩበት ነጭ መስመር አለ። ሾፌሩ ይህን ያውቃል እንጂ አሁን አያየውም። ግራ ዐይኑ ጠብቦ በበር ስንጥቅ እንደማየት ሆኗል፤ በስንጥቁ ውስጥ የሚታየው ሁሉ ውሃ የነካው ሥዕል ነው። ትንፋሹ ፉጨት አወጣ። መጀመሪያ የሞተሩ ድምፅ መሰለው። ሞተሩ ማርሽ ሲቀየርለት ድምፁን ለወጠ፤ ፉጨቱ ግን አልተለወጠም።

ያን ጊዜ ትንፋሹ እያጠረው እግሩን ወደ ፍሬኑ አስጠጋ። ከኋላው ያለውን ሰው በመስታወቱ ለማየት አገጩን ቀና አደረገ። አንድ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። አንዲት ሴት መያዣውን ለቅቃ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ የልጇን የጫማ ማሰሪያ ትቋጥራለች። መያዣ የለቀቀችው እሱን አምና ነው። ሾፌሩ ይህን ሲያይ አንድ ነገር ገባው፤ የገባው ነገር ከመታነቁ ይልቅ አስደነገጠው። ከመጋጨት ይልቅ መቆምን ፈርቶ ነበር እስከዚህ የመጣው።

መሪውን ወደ ቀኝ ሰበረ። ጎማው የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ፈትጎ አውቶቡሱ ቆመ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ሆነ?» «ምን ተገኘ?» የሚል ማጉረምረም ከኋላ ተነሳ።

«ጎማ ነው» ለማለት ሞከረ። ቃሉ ሳይሠራ ወጣ። በሩን ከፍቶ ወረደና ጎማውን የሚያይ መስሎ በእጁ ተደገፈ። ትኬት ቆራጯ ተከትላው ወርዳ ሳትጠይቅ መነጽሩን ከፊቱ ላይ አነሳች።

«ንብ» አላት።

«ንብ? መስኮትህ እኮ ዝግ ነው።»

«ንብ ናት።»

«እሺ፣ ንብ ናት። አሁን እንሂድ።» ለስምሪቱ ደውላ ወደ ቅርቡ ክሊኒክ እንደምትወስደው ነገረችው፤ ተሳፋሪውን የቀጣዩን አውቶቡስ እንዲጠብቅ ነገረች፤ የሚያልፍ ታክሲ አስቁማ እንደ ሕፃን ደግፋ አስገባችው። በመንገድ ላይ እጁን ይዛ «ተንፍስ፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ፣ አንዱን ጨርሰህ ሌላውን» ትለዋለች። ሾፌሩ የሚተነፍሰው አየር በቀጭን ገለባ የሚያልፍ ሆኖበታል፤ ገለባውን ደግሞ ማን እንደሆነ የማያውቀው እጅ ቀስ እያለ ይጨምቀዋል።

ክሊኒኩ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መጋረጃ፣ የእጅ መታጠቢያ። ነርሷ ጎልማሳ ሴት ናት። ፊቱን አንዴ አይታ መርፌ ማዘጋጀት ጀመረች፤ እጇ እየሠራ አፏ ይጠይቃል።

«ምን ነካህ?»

«ንብ» አለች ትኬት ቆራጯ፣ ራሷም ሳታምንበት።

«የት ላይ ነደፈህ?»

ሾፌሩ ከንፈሩን ጠቆመ፤ ቀጥሎ ዐይኑን፤ ቀጥሎ ሌላኛውን ዐይን።

«መንጋ ነዋ» አለች ነርሷ።

መጋረጃው ተገለጠ። ስምሪቱ እያለከለከ ገባ።

«መኪናው ደህና ነው?»

«መኪናው ደህና ነው» አለች ትኬት ቆራጯ። «ከመኪናው የወረደ ሰውም አለ፤ ስለ እሱ ብትጠይቅ አይከፋም።»

ነርሷ የሱሪውን እግር እየጠቀለለች ወደ ሾፌሩ ጆሮ ጎንበስ አለች። «መርፌው ያነሳሃል። የነካህ ነገር ሰውነትህ ላይ ካለ ግን መልሶ ይጥልሃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይከፋል። ንብ የሚሠራው እንዲህ አይደለም። ንገረኝ።»

ሾፌሩ በቀረችው የዐይኑ ስንጥቅ ስምሪቱን አየው። ሰውዬው ከአልጋው እግር ሥር ቆሟል፤ እንደ ልማዱም አናቱን እያየ ነው። ሰንሰለቱ ታየው፤ በሩ ታየው፤ ቀና የማይለው ወዳጁ ታየው። ያ ሁሉ ግን ሩቅ ነበር፤ ቅርቡ ጉሮሮው ነው። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። አሁን ልናገር ብሎ መቁረጥና መናገር አለመቻል፤ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ፍርሃት አያውቅም። እጁ በአየር ላይ ተርመሰመሰ፤ ከነርሷ ሳህን እርጥብ ጥጥ አነሳ፤ ጆሮ ግንዱን ጠረገና ጥጡን ከፍ አድርጎ አሳየ።

ጥጡ ጠቁሯል።

«ቀለም» አለች ነርሷ፤ መርፌውን ጭኑ ላይ ወጋችው። «እጠቢለት፣ አሁኑኑ። በደንብ።»

ትኬት ቆራጯ እጅጌዋን ሰበሰበች። መታጠቢያው ላይ አንገቱን ይዛ ውሃ ለቀቀችበት። ውሃው ጠቁሮ ወረደ፤ ቆይቶ ቡናማ ሆነ፤ ቆይቶ ጠራ። የሾፌሩ ጉሮሮ ገለባም ቀስ በቀስ ሰፋ። አንድ ሙሉ ትንፋሽ ገባለት፤ ሊለቀው አልፈለገም።

መልሰው አስተኙት። ስምሪቱ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠና ወደ ነርሷ ዞረ።

«እህቴ፣ ይኼ ነገር በሁሉም ሰው ላይ ነው እንዲህ የሚያደርገው?»

«በሁሉም አይደለም» አለች ነርሷ። «የሚያሳክከው ሰው ግን ዳግመኛ እንዳይነካው። ለምን ጠየቅክ?»

«አንድ የማውቀው ሰው አለ።»

ሾፌሩ ራሱን አዞረ። ስምሪቱን እንዲህ በቅርብ አይቶት አያውቅም። ከጆሮው ፊት፣ ጥቁሩ ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት፣ ክር የምታህል ነጭ መስመር አለች። ስምሪቱ የሾፌሩ ዐይን የት እንዳረፈ አወቀ፤ እጁን አንስቶ ጆሮ ግንዱን ሸፈነ፤ መልሶ አወረደው።

«ስማኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለአለቆች ንብ ነው እላቸዋለሁ። ንብን ማንም አይከስም። ሰኞ ተላጭተህ ና፤ በተላጨ አናት ላይ ሽበት አይታይም። መስመርህም ያው መስመርህ ነው። ዋናው ሕመሙ እንደ ጀመረህ ወዲያው ማቆምህ ነው፤ በአንድም ሰው ላይ አደጋ አላደረስክም። ይኼንን አጥብቄ እናገርልሃለሁ።»

«ወዲያው ነው ያቆመው» አለች ትኬት ቆራጯ። ፎጣውን እየጨመቀች ነበር፤ ዞር ብላ አላየችም።

ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ሾፌሩ ዐይኑን ቢጨፍን፣ ዝም ቢል ብቻ፣ አለቀ። ቁልፉ የእሱ ነው፤ ቁልቁለቱም የእሱ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ በዚያው ቁልቁለት ሲወርድ አንዲት ሴት መያዣውን ትለቅና ጎንበስ ትላለች።

በክርኑ ተደግፎ ተነሳ።

«ወዲያው አላቆምኩም» አለ። ድምፁ ሻካራ ነበር።

ትኬት ቆራጯ ፈጥና ዞረች። «ተኛ ጋሼ። መድኃኒቱ ነው የሚያናግርህ።» ጋሼ ብላው አታውቅም።

አልተኛም። ወደ ስምሪቱ ዞሮ፣ ቃሉን አንድ በአንድ፣ እንደ ትንፋሹ ቀስ እያለ አወጣው።

«ዐይኔ የጠፋው ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ነው። እስከ ቁልቁለቱ ነድቻለሁ፤ ሰው ጭኜ፣ ሳላይ። ይኼንንም ንገርልኝ።»