እጅ የሚያይ ስልክ

ወረንጦ ከቤት የወጣችው ውሳኔዋን ይዛ ነው። ትልቁን ትገዛለች፤ አለቀ። ስለ አዲሱ ስልክ የተጻፈውን ሁሉ ስድስት ሳምንት ሙሉ ስታነብ ከርማለች። የባትሪውን ክብደት፣ የመስታወቱን ውፍረት፣ የፊት ካሜራው ወደ ጎንና ወደ ታች ምን ያህል እንደሚያይ ሳይቀር ሸምድዳለች። ማንም አላስተማራትም። ስልክ ጥገናንም የለመደችው ሰው ተስፋ የቆረጠበትን ዕቃ በርካሽ እየገዛች፣ እየበታተነች፣ አንዳንዱንም እስከ ወዲያኛው እየገደለች ነው። «ወረንጦ» ያሏት የጥገና ሱቋ ባለበት መደዳ ያሉ ባለሱቆች ናቸው። ከጣቷ ስለማይለየው መሣሪያ ነው የሚሉ አሉ፤ ስለ ምላሷ ነው የሚሉም አሉ። እሷ ግን ስትጠራ ደረቷን ነፍታ «አቤት» ትላለች።

ዛሬ ሁለት ስልክ ነው የሚገዛው፤ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለታናሽ እህቷ። ታናሿ መስማት የተሳናት ናት። ሌላ ከተማ ያለ ማተሚያ ቤት ለመጽሐፍ ጥረዛ ቀጥሯት እሑድ ጠዋት ትሄዳለች። ሁለቱ እህትማማቾች ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ክፍል ተኝተዋል፤ ከሦስት ቀን በላይ ተለያይተው አያውቁም። መጻጻፍ ይችላሉ፤ እንዲያውም ታናሿ ከታላቋ የተሻለ ትጽፋለች። ግን በጽሑፍ የሚባባሉት «ደርሻለሁ»፣ «በልቻለሁ»፣ «ቁልፉ በሩ አናት ላይ ነው» ብቻ ነው። ሐሜቱ፣ ቀልዱ፣ ጥሉና እርቁ እጃቸው ላይ ነው ያለው። እጅን ደግሞ በጽሑፍ መላክ አይቻልም። አሁን በቦርሳቸው ያሉት ሁለት ስልኮች ወረንጦ ከስልክ ሬሳ ለቃቅማ የሰፋቻቸው ሲሆኑ፣ የፊት ካሜራቸው ሰውን ከጀበና እንደወጣ እንፋሎት ነው የሚያሳየው።

አዲሱ ስልክ በሦስት መጠን ነው የመጣው፤ ትንሹ፣ መሃለኛውና ትልቁ። ዛሬ፣ በመጀመሪያው ቀን ብቻ፣ አንድ ዓይነት ሁለት ለሚገዛ ሁለተኛው በግማሽ ዋጋ ይሰጠዋል። ስለዚህ እህትማማቾቹ በአንድ ስልክ መስማማት አለባቸው። በወረንጦ በኩል ስምምነቱ ካለቀ ስድስት ሳምንት ሆኖታል።

ሱቁ ሳይከፈት ሰልፉ ጥጉን ዞሮ ነበር። ከኋላቸው የቆመው ወፍራም የከባድ መኪና ሹፌር ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣ «እህት ዓለም፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ምን ሆኖ ነው? በነፃ ያድላሉ እንዴ?» አላት።

«በነፃ ቢሆን እርስዎን ከኋላዬ አገኝዎት ነበር?»

ሹፌሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ኧረ በሞቴ! ይሄ ምላስ መንጃ ፈቃድ አለው?»

«ያለ ፈቃድ ነው የሚነዳው። ራቅ ብለው ይቁሙ።»

ታናሿ የታላቋን ክርን ነካ አደረገች። «ምን አለሽ?»

«ኋላ እነግርሻለሁ» አለቻት ወረንጦ በእጇ። እጇ ከወገቧ በላይ አልወጣም። ከሩቅ ላየ ሰው የኮቷን ቁልፍ የምታስተካክል ነበር የምትመስለው።

«ሁልጊዜ ኋላ ነው» አለች ታናሿ፣ እሷም እጇን ዝቅ አድርጋ።

ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ራሰ በራው ሻጭ የሦስቱም መጠን ስልኮች ሁለት ሁለት ሆነው በቀጭን ገመድ ወደታሰሩበት ጠረጴዛ መራቸው። ብዙ ሰው ስላስተናገደ ፈገግታው ደክሞታል።

«የትኛውን ላሳያችሁ?»

«ትልቁን» አለች ወረንጦ። «ሁለት።»

ሻጩ ወደ ታናሿ ዞረ። «ቀለምስ፣ የኔ እህት? ሰማያዊ አለ፣ ነጭ አለ...»

«ጥቁር። እሷ አትሰማም፤ እኔን ጠይቀኝ።»

ሻጩ ራሱን ነቀነቀ። ታናሿ ግን የሻጩን ከንፈርና የቀለሞቹን ናሙና አይታ ምን እንደተጠየቀ ገብቷታል። ማን እንደመለሰላትም ገብቷታል። 

ሻጩ በአንዱ ትልቅ ስልክ ወደ ሌላው በምስል ደወለና አንዱን ለታናሿ ሰጣት። «ይሄ ነው አዲሱ ነገር! ከጀርባሽ ያለውን ሁሉ ያደበዝዝና ፊትሽን ብቻ ያወጣዋል። ቤቱ ባይጸዳም ማንም አያውቅብሽም።»

ታናሿ ወደ ካሜራው እጇን አንሥታ ሰላምታ ሰጠች። መስታወቱ ላይ ፊቷ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ጣቶቿ ግን እንደ ጭስ በነው ጠፉ። ስልኩ እጇን ከግድግዳው ቆጥሮት ዋጠው። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ዋጠው። ታናሿ በሳቅ ፈረሰች። ሻጩ ደንግጦ ስልኩን መታ መታ አደረገው።

«አትምታው፣ ምን አደረገህ?» ወረንጦ ነጥቃው ሁለት ቦታ ነካችና ማደብዘዣውን አጠፋችው። ጣቶቹ ከነጥፍራቸው ተመለሱ።

«ይሄንን እኛም ገና ዛሬ ነው ያየነው። የት ተማርሽው?»

«ሰው ካበላሸው።»

ከዚያ በኋላ ወረንጦ ሥራዋን ጀመረች። ትልቁን ስልክ ማቆሚያው ላይ አስደገፈችው፣ እህቷን ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፣ ራሷ በሌላኛው ስልክ ተመለከተች። በትክክል እንዳነበበችው ነው። ካሜራው ከታናሿ ፀጉር እስከ ጉልበቷ አንድም ሳያስቀር ያሳያል። የወረንጦ ልብ ሞቀ። «አየሽ?» አለቻት ከጠረጴዛው ጠርዝ በታች። «ጉልበትሽ ድረስ ይታያል። አንቺ ማታ ከሥራ ስትገቢ ጠረጴዛ ላይ ታቆሚዋለሽ፣ እኔም አቆመዋለሁ። እዚሁ እንደተቀመጥን ማለት ነው።»

ታናሿ ከወንበሩ ተነሣች። ትልቁን በግራ እጇ ያዘችው። አውራ ጣቷ ከመሃሉ አላለፈም፤ ጥቂት እርምጃ እንደሄደች አንጓዋ ታጠፈና ምስሉ ጣሪያውን ማሳየት ጀመረ። መልሳ አስቀመጠችው። ትንሹን አነሣች። በመዳፏ ውስጥ ልክ ሆነ። ገመዱ እስከፈቀደላት ድረስ እየተራመደች፣ በቀኝ እጇ ለራሷ ምስል ታወራ ጀመር። ሄደች፣ ዞረች፣ መጣች።

«ይሄንን» አለች።

«ይሄ አይሆንም። ደረት ላይ ይቆርጣል። ከደረትሽ በታች ያለው አይታይም።»

«ደረት ይበቃል።»

«ለማን ነው የሚበቃው?»

«እጁን ለሚያነሣ ሰው።»

ወረንጦ ይህቺ ነገር ወዴት እንደምትሄድ ስላወቀች መሃለኛውን አንሥታ ገፋችላት፤ ለማስታረቅ ሳይሆን ወሬ ለማስቀየር። ታናሿ አልነካችውም።

እህትማማቾቹ የሚነጋገሩበትን ቋንቋ ያገኙት ከምሳ ጠረጴዛ ሥር ነው። አባታቸው የመዝገብ ቤት ሹም ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ አዋቂ ነኝ ባይ «እጇን ከፈቱላት አፏ አይፈታም» ብሎት አመነው። ስለዚህ ታናሿ እጇን ባነሣች ቁጥር በጣቱ ጠረጴዛውን ቆርቆር ያደርግና «እጅ ይሰብሰብ!» ይላል። እጅ ተሰበሰበ፤ ወደ ጠረጴዛው ሥር። የስድስት ዓመቷ ታላቅና የአራት ዓመቷ ታናሽ ከላይ ሾርባ እየጠጡ፣ ከታች በጉልበታቸው መሃል ዓለምን ሁሉ ያወሩ ነበር። ኋላ ታናሿ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ትምህርት ቤት ገብታ፣ ከጓደኞቿ ጋር ቁጭ ብላም ቆማም፣ እጇን እስከ ግንባሯ እያነሣች ማውራት ለመደች። ለእህቷ ግን ዝቅ ታደርግላታለች፤ ለሽማግሌ ድምፅ ከፍ እንደሚደረገው። አባታቸው ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። የወረንጦ እጅ አሁንም ከጠረጴዛው ሥር ነው። የጥገና ሱቋን ባንኮኒ ራሷ ናት ያሠራችው፤ ከፍ አድርጋ፣ ከፊት ለፊት የቆመ ደንበኛ እጇን እንዳያይ። ለመሣሪያዎቹ ደኅንነት ነው ትላለች።

«ስሚኝ» አለች ታናሿ። ስልኩን አስቀምጣ ሁለት እጇን ነፃ አወጣች፤ እጆቿም ቀስ ብለው ወደ ደረቷ ወጡ። ወረንጦ ዙሪያዋን አየች። ሻጩ እያያቸው ነው። በሩ ላይ ያሉትም እያዩ ነው።

«ዝቅ አድርጊ።»

«አላደርግም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከጠረጴዛ ሥር የሚያይ ስልክ ስትፈልጊ ነው የከረምሽው። አግኝተሻል፤ ጎበዝ ነሽ። ግን ጠረጴዛው የለም እኮ። እኔ እዚያ የምሄደው ማታ ማታ ወንበር ላይ ልቀመጥልሽ አይደለም። አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ገበያ መሃል፣ አለቃዬ ሲያናድደኝ ደረጃው ላይ ቆሜ ላወራሽ ነው የምፈልገው። አንቺስ? ስልክሽ በጠራ ቁጥር ሱቅሽን ዘግተሽ ጠረጴዛ ልትፈልጊ ነው?»

«ሰው ያያል» አለች ወረንጦ። ከእጇ እንደወጣ ሞኝነቱ ለራሷም ታያት።

«የመደዳው ነጋዴ ሁሉ ምላስሽን ይፈራል። አንቺ እጅሽን ትፈሪያለሽ። በእኔ ነው የምታፍሪው?»

ወረንጦ መልስ አጥታ አታውቅም። ደንበኛ ሲከራከራት፣ ሹፌር ሲለክፋት፣ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ነው የሚመጣው። አሁንም «አፍሬብሽ አላውቅም» ልትል ፈለገች፤ ግን እጇን አየችው፤ ያው ወገቧ ላይ፣ ከኮቷ ሥር ተሸሽጎ ነው ያለው። በዚህ እጅ ይህን ብትናገር ማን ያምናታል?

«ምን ወሰናችሁ?» አለ ሻጩ በትሕትና። «ሰልፉ...»

«ቆይ ወንድሜ። ትንሾቹን ከገመዳቸው ፍታልኝ። ሁለቱንም።»

«ማሳያ ናቸው፤ አይፈታም።»

«ያንን ማደብዘዣ ያጠፋሁልህ በነፃ ነው። ከኋላዬ ለሚመጡት መቶ ሰዎች ስታሳይ ምን ልታደርግ ነበር?»

ሻጩ በመስኮቱ በኩል ሰልፉን አየ። ፈታላት። «እስከ በሩ ድረስ ብቻ። እግርሽ ከደፍ ካለፈ እጮሃለሁ።»

ወረንጦ አንዱን ለእህቷ ትታ ሌላውን ይዛ ወደ በሩ ሄደች። በሩ መስታወት ነው፤ ከወዲያ ማዶ ሰልፈኛው በሙሉ ተደርድሯል፤ ከፊት ደግሞ ያ ሹፌር። ስልኩ ጠራ። ታናሿ የስልኩ መስታወት ላይ ብቅ አለች፤ ፊቷ፣ ትከሻዋ፣ ደረቷ ላይ ያለው እጇ።

«ተናገሪ» አለች።

ወረንጦ በወገቧ በኩል አንድ ነገር አለች። የስልኩ መስታወት ጥግ ላይ ባለው የራሷ ትንሽ ምስል ውስጥ ፊቷ ብቻ አለ፤ አፏን የዘጋች፣ የተኮሳተረች ሴት። ስልኩን እጇ እስኪዘረጋ አራቀችው፤ ሆዷ ጋ ደረሰ እንጂ ወገቧ ጋ አልደረሰም።

«አይታየኝም» አለች ታናሿ። «አለሽ? የለሽም።»

እሑድ ይህ ነው የሚሆነው። ሰኞም። ታናሿ አንድ የማታውቀው መንገድ ላይ ቆማ ይህን የተዘጋ አፍ ታያለች፤ ከዚያ «ደርሻለሁ» ብላ ትጽፋለች። ከዚያ ያንንም ትተወዋለች።

ሹፌሩ ከበሩ መስታወት ማዶ አገጩን አነሣ፤ ምን ሆንሽ እንደማለት። ወረንጦ ዓይኗን ከእሱ ሳታነሣ ቀኝ እጇን ከኮቷ ሥር አወጣች። ደረቷ ጋ ስታደርሰው ከባድ ነበር፤ የሌላ ሰው እጅ የተሸከመች መሰላት። አገጯ ጋ አደረሰችው።

«ትንሹን እንገዛለን» አለች። «ግን ብትጥዪው፣ ውሃ ውስጥ ብትከቺው፣ እዚያ ያለ ጠጋኝ ቢከፍተው፣ መልሼ አልነካልሽም። ሰምተሻል?»

የስልኩ መስታወት ላይ ታናሿ አፏን በእጇ ሸፈነች። ወዲያው ደግሞ እጇን አነሣችው። «ቀለሙን እኔ ነኝ የምመርጠው።»

«ሰማያዊ እንዳይሆን።»

«ሰማያዊ።»

«ያሳፍራል።»

«ሹፌሩ ቅድም ምን ነበር ያለሽ?»

ወረንጦ ነገረቻት። መንጃ ፈቃዱን፣ የሆዱን አያያዝ፣ የቁልፉን መሽከርከር፣ ሁሉንም በአንድ እጇ። ምላስ ሲነዳ ምን እንደሚመስል በእጇ ስታሳይ ሹፌሩ ስለ እሱ መሆኑ ገብቶት በሩን ገፋ አደረገና ራሱን ብቻ አስገባ።

«እያማሽኝ ነው አይደል?»

«አሁን ገና መጀመሬ ነው፤ በሩን ይዝጉልኝ» አለችውና ወደ ስልኩ ተመለሰች።

ሻጩ ታናሿ በጣቷ ባሳየችው ናሙና መሠረት ሁለት ትንንሽ ሰማያዊ ካርቶኖች ባንኮኒው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። የወረንጦ ክንድ መዛል ጀምሯል፤ ይህን ያህል ቆይቶ ከፍ ብሎ አያውቅማ። እጇ ዝቅ እያለ መምጣቱን ታናሿ አየች።

«ደከመሽ?»

«ትንሽ።»

«ስልኩን በቀኝሽ ያዢና በግራሽ ቀጥዪ» አለቻት ታናሿ። «ከዚያስ ምን አለሽ?»