አትምረጡኝ ያለው ሰው

ጀልባ ሠሪው ቶርኪል ማክሌናን ፖለቲካ ውስጥ የገባው ለስም ማሟያ ነው። በእኛ በሶርሳ ደሴት ፓርቲው ለአውራጃው ምክር ቤት የሚያቀርበው ሰው አጣና ሊቀመንበሩ ሄክተር ጀልባ መሥሪያው ድረስ ሄዶ ለመነው። ቶርኪል እጁ ላይ መላጊያ እንደያዘ ነበር።

«ስምህን ብቻ ስጠን፤ አታሸንፍም፣ አይዞህ» አለው ሄክተር።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ፓርቲያችን እዚህ ደሴት ላይ አሸንፎ ያውቃል?»

አሸነፈ። ተቀናቃኙ ከምርጫው በፊት በነበረው እሑድ ልብስ አጥቦ ደጅ ሲያሰጣ ታየ። የሶርሳ ሰው ስካርን ይቅር ይላል፤ በሰንበት ልብስ ያሰጣን ግን አይምርም።

ባለቤቱ ኢሽቤል ውጤቱን ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች። «አንድ የሥራ ዘመን ምን አላት፤ ትጨርስና ወደ እንጨትህ ትመለሳለህ» አለችው።

ክፋቱ፣ ሰውዬው ለሥራው የተፈጠረ ሆኖ ተገኘ። ብዙ አይናገርም፤ ያዳምጣል። የሚያፈሰው የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ተጠገነ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚበላው የሰሜኑ መንገድ ተሠራ። ሰው ወደ እሱ መሄድ ለመደ። የፓርላማ ተወካያችን ድንገት ሲሞት ሽማግሌዎቹ ቤቱ ገብተው ተቀመጡና አንድ ነገር ብቻ አሉት፦ «ካንተ ሌላ ማን አለ?»

ቶርኪል ተወዳደረ፤ አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ ኑሮው በመርከብ ሆነ። ሰኞ ማለዳ ወደ ኤዲንብራ፣ ዓርብ ማታ ወደ ሶርሳ። ጀልባ የሚያሠሩት ደንበኞቹ ሌላ ሠሪ ፈለጉ፤ ጀልባ መሥሪያው ውስጥ አንድ ጎረቤት የበግ መኖ አከማቸበት። ኢሽቤል ብቻዋን እራት መብላት ለመደች። ኋላም የጤና ሚኒስትር ዴኤታ አደረጉት፤ ዓርብ ማታ ወደ ቤት መምጣቱም አንዳንዴ ቀረ።

በዚህ መሃል ነው መንግሥት የሶርሳን ማዋለጃ ክፍል ለመዝጋት የወሰነው። የሚወለደው ሕፃን ጥቂት ነው፤ እናቶች ቀናቸው ሲቃረብ ባሕሩን ተሻግረው ከተማው ሆስፒታል አጠገብ ይጠብቁ ተባለ። ቶርኪል በዝግ ስብሰባው ላይ ተከራከረ፤ ተሸነፈ። የመንግሥት ሰው ደግሞ የመንግሥትን ውሳኔ መደገፍ አለበት፣ አለዚያ ወንበሩን መልቀቅ። ይባስ ብለው ውሳኔውን እንዲያስረዳ ወደ ገዛ ደሴቱ ላኩት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ስትበልት የኖረችው አሮጊቷ ዶሊና ከፊት ወንበር ተነሣች።

«አንተ ቶርኪል! እናትህ አንተን ስታምጥ ማዕበሉ መርከብ አላሳልፍ ብሎ ነበር። ያኔ ይሄ ሕግ ቢኖር የት ልትወለድ ኖሯል? ከዓሣ ጋር?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቶርኪል ጉሮሮውን ጠረገ። «መንግሥት የእናቶችን ደኅንነት ይበልጥ አስተማማኝ ለማድረግ…»

«ተወኝ እባክህ፤ ይሄ ያንተ አፍ አይደለም» ብላ ተቀመጠች።

ቤት ሲገባ ኢሽቤል ኮቱን እንኳ እስኪያወልቅ አልጠበቀችም። «ልቀቅላቸዋ!»

«ብለቅ የሚተካኝ ሰው ሶርሳን ካርታ ላይ ፈልጎ አያገኛትም። ብቀመጥ ደግሞ በሩን የምዘጋው እኔው ነኝ። ወዴት ልሂድ በይኝ?»

ኢሽቤል ሾርባ ቀዳችለት። ሾርባው በረደ።

በማዋለጃው ጉዳይ ፓርላማ ድምፅ በሚሰጥበት ዕለት የመንግሥት ተጠሪው ዳልግሊሽ ኮሪደር ላይ ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው።

«ቶርኪል፣ ወንድሜ፣ የምንበልጣቸው በአንድ ሰው ነው። ዛሬ ከከዳኸን በሚቀጥለው ምርጫ ዕጩ አናደርግህም። ያበቃልሃል!»

በኋላ ሲያጫውተን፣ «ያበቃልሃል» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ደረቱ ለዓመታት ያልገባበት አየር ገባበት አለን።

«ቃልህ ነው?» ሲል ጠየቀው።

«ቃሌ ነው» አለ ዳልግሊሽ፣ ያስፈራራው መስሎት።

ቶርኪል የተቃውሞ ድምፅ ሰጠ። ማዋለጃው ዳነ። ያኑ ዕለት ከሰዓት የሚኒስትር ዴኤታነቱን ሥልጣን አስረከበና ለኢሽቤል ደወለ። «መጣሁ» አላት።

የቀረችውን የፓርላማ ጊዜ እያፏጨ ገፋት። የበግ መኖውን አስወጣ፤ ጣውላ ገዛ፤ መላጊያውን ሳለ። ለምርጫው ዕጩዎች ሊመዘገቡ ጥቂት ሲቀር ግን ዶሊና የደሴቱን ሴቶች አስከትላ ጀልባ መሥሪያው በር ላይ ቆመች።

«ፓርቲህ አንድ የከተማ ልጅ አምጥቷል። ካሸነፈ ማዋለጃችንን ምን ያደርገዋል?»

«ይዘጋዋል» አለ ቶርኪል። መዋሸት አልቻለም።

«በግልህ ተወዳደር። ካንተ ሌላ ማን አለ?»

ከሴቶቹ መሃል የኢሽቤል የወንድም ልጅ ማርሳሊ አለች፤ ልትወልድ ደርሳለች፣ ወገቧን ደግፋ ነው የቆመችው። ቶርኪል ሚስቱን አየ፣ እምቢ በይልኝ በሚል ዓይን። ኢሽቤል የማርሳሊን ሆድ አየች። «ሻይ ላፍላ» ብላ ወደ ቤት ገባች። እሱም ተስማማ።

አንድ ተስፋ ቀርቶለት ነበር፤ መሸነፍ። በቅስቀሳው ስብሰባ ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ «ወገኖቼ፣ ደክሞኛል። ሌላ ሰው ብትመርጡ ደስታዬ ነው። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ አትምረጡኝ።»

ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ሄክተር አጠገቤ ተቀምጦ እንባውን ይጠርጋል። «ከፖለቲከኛ አፍ እንዲህ ያለ እውነት ሰምተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

ድምፅ የተቆጠረው በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ነው። ሌሎቹ ዕጩዎች ሁሉ ተደምረው የእሱን አላከሉም። ዓሣ አጥማጆቹ አንሥተው ትከሻቸው ላይ አስቀመጡት። እኔ ከሥር ሆኜ ፊቱን አየሁት፤ ወደ በሩ እየተመለከተ ነበር፣ ተሸካሚዎቹ ግን ወደ መድረኩ ይዘውት ሄዱ።

ኢሽቤልን መኪና ውስጥ አገኛት። መስኮቱ በትንፋሽዋ ደብዝዟል።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት።

«ምን አጠፋህ? አታሸንፍም ብሎ የዋሸህ ሄክተር ነው» አለች። ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። መስኮቱን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ «በቃ» አለችው፣ «አንተ መውጣት ካልቻልክ እኔ ልግባ።»

ሰኞ ማለዳ ሁለቱም ሻንጣ ይዘው ወደ ኤዲንብራ ሲሄዱ መርከቧ ላይ አየናቸው። ነፋሱ ይገፋል፤ ኢሽቤል ከተማ እንደማትወድ ሁላችንም እናውቃለን። ገና ሻይ ቀድተው ከመቀመጣቸው አንድ የሰሜኑ መንደር ሰው ኮፍያውን አውልቆ መጣ።

«ቶርኪል፣ አንዴ ብቻ፣ ስለዚያ የአጥሬ ጉዳይ…»

ቶርኪል የሻይ ኩባያውን አስቀመጠ። ኢሽቤል ወንበሩ ላይ የነበረውን ሻንጣዋን አነሣችና ለሰውዬው ቦታ ለቀቀችለት።