ከፎቶው የተቆረጠው መቺ

የሆት ዶጉ ሽታ ገና ከመኪና ማቆሚያው ሲቀበለው ሮይስ ፔቲግሩ የመኪናውን መስኮት ዘጋ። ሆት ዶግ፣ ያን በዳቦ የሚበላ ቋሊማ፣ ጠልቶ አይደለም። በዚች የኦሃዮ ከተማ ሰው ቤዝቦልን የሚወደው በዓይኑ ሳይሆን በሆዱ እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። አንጥረኞቹ የተባለው የከተማዋ ቡድን፣ መቺው ዱክ ራፈርቲ ኳሷን በዱላው ከአጥሩ ማዶ ባሻገራት ቁጥር ለተመልካቹ ሁሉ ሆት ዶግ በነጻ ያድል ነበር። ታዲያ ዱክን የማይወድ ማን አለ?

የሜዳው ትልቅ በር ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ሲያይ ደግሞ ብስጭቱ ጭራሽ ባሰበት። ዱክ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይስቃል። ከጎኑ የአንድ ሰው ክርን ይታያል፤ ክርን ብቻ፤ ሌላው አካል ተቆርጦ ወጥቷል። ክርኑ የዱክ የቡድን ጓደኛ የነበረው የዌንደል ስታውተር ነው። በዚያ በር ከሚያልፈው ሕዝብ ይህን የሚያውቅ የለም። ሮይስ ያውቃል፤ ፎቶው በተነሳበት ቀን ለሁለቱም ኳሷን የወረወረው እሱ ነበርና።

የዋንጫው የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። እንግዳው የሮይስ ቡድን በአንድ ነጥብ ይመራል፤ ሮይስ ከአንጥረኞቹ አንድ መቺ ብቻ ቢያስወጣ ዋንጫው የእነሱ ነው። ዌንደል ዱላውን ይዞ ቆመ። ሮይስ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ ወረወረ። ዌንደል ከመምቻው ክልል የወጣችውን መጥፎ ኳስ ዝም ብሎ ያሳልፋታል፤ ክልሉን የነካችውን ደግሞ በዱላው ጫፍ ነካ እያደረገ ወደ ጎን ይሰዳታል። ደግሞ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። የገዛ ሕዝቡ «ምታ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ?» እያለ ይጮኽበት ነበር። በመጨረሻ የሮይስ ክንድ ዛለ፤ አራተኛዋ መጥፎ ኳስ ከእጁ አመለጠች፤ ዌንደልም እንደ ሕጉ ሳይመታ በነጻ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ሄደ። ሕዝቡ አፏጨበት። ቀጥሎ ዱክ ገባ። ሮይስ በዚያ በዛለ ክንዱ የወረወራትን ኳስ የሰፈር ልጅም አይስታትም። ዱክ አጥሩን አሻገራት። ዌንደል ከማረፊያው ሮጦ ወደ መነሻው ገብቶ አቻ አደረገ፣ ዱክ ተከትሎት ገብቶ አሸነፉ፣ ሆት ዶግ ታደለ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዘንድሮ፣ ክለቡ በሩ ፊት ለፊት የነሐስ ሐውልት ሊያቆም ነው። የዱክ ይሁን የዌንደል ተመልካቹ ይምረጥ ተባለ። ውጤቱ ዛሬ ሜዳ ላይ ይነገራል፤ ሮይስም ያችን ኳስ ለትዝታ ያህል ለዱክ ደግሞ እንዲወረውርለት ተጠራ። ሁልጊዜ የሚጠሩት ለዚሁ ነው፤ ሊስቁበት። ዛሬ እሺ ብሎ ከኢንዲያና ድረስ መኪና የነዳው ግን ዌንደል ሲመረጥ ለማየት ነው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይህ ሕዝብ ዓይኑን ይገልጥ ይሆናል ብሎ።

ምርጫው የሚካሄደው በሆት ዶግ መጠቅለያ መሆኑን ሲያይ ያ ተስፋው ሟሸሸ። ወረቀቱ ላይ የሁለቱም ፎቶ አለ፤ የወደዱትን ቀዶ በርሜል ውስጥ መጣል ነው። በርሜሉ አጠገብ ሰናፍጭ ሸሚዙ ላይ ያንጠባጠበ ሰውዬ ወረቀቱን ያገላብጣል።

«ስታውተር ደግሞ ማነው?» አለው ጓደኛው።

«ያ እንደ አውቶቡስ ጠባቂ ዱላውን ታቅፎ የሚቆመው ነዋ። አባቴ እሱን ሲሰድብ ነው ያደግኩት።»

ሮይስ አላስቻለውም። «ስማ ወንድሜ፣ በዘመኑ እሱን የሚያህል መቺ አልነበረም።»

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ነገ ለእሱ ልወረውር ነው ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣሁ ሰው ነኝ።»

ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አየው። «እሺ፣ ስንቴ አጥር አሻገረብህ?»

«እሱን እንኳ ብዙም አላደረገው።»

«እና ምኑን ነው የምታወራልኝ?» አለና የዱክን ፎቶ ቀዶ በርሜሉ ውስጥ ጣለ። በቀረው ወረቀት፣ የዌንደል ፊት ባለበት፣ አፉን ጠረገ።

ሮይስ ፊቱን አዞረ። ቢቆይ ኖሮ አንድ ነገር ያደርግ ነበር። ዌንደል ምን አጠፋ? ዱላውን አልወረወረ፣ ከዳኛ ጋር አልተናነቀ፣ ቅጽል ስም አላወጡለት፣ ሰክሮ ጋዜጣ ላይ አልወጣ። የመታውን ኳስ ሁለት ተከላካይ መሀል ሰንጥቆ ይልክና ራሱን ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ታገኘዋለህ፤ ያኔ ተመልካቹ መጸዳጃ ቤት ነው። መጥፎ ኳስ አለመምታት ከመምታት የሚከብድ ጥበብ ነው፤ ግን አይጮኽም፣ አይበላም። ሕዝቡ የሚያየው የሚጮኸውንና የሚበላውን ነው። ከብት እንኳ ሣሩን መርጦ ይበላል፣ አለ ሮይስ በሆዱ።

ዌንደልን ከመቀመጫዎቹ ሥር ባለው መተላለፊያ ከባለቤቱ ከኦፓል ጋር አገኘው። ሽበቱን ወደ ኋላ አበጥሯል፤ አዲስ ኮት ለብሷል፤ አዲሱ ጫማው እየጠበበው አንዴ በአንደኛው እግሩ አንዴ በሌላው ይቆማል።

«ሙሽራ መስለሃልኮ፣ አንተ ሽማግሌ» አለው ሮይስ።

«እሷ ናት ያለበሰችኝ።»

«ውሸቱን ነው» አለች ኦፓል። «ኮቱን ራሱ ነው የመረጠው። ሁለት ሱቅ አዙሮኛል።»

ዌንደል ወደ መሬት አየ። «ሮይስ፣ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ… እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ። ያ ሁሉ ፉጨት አልነካኝም እል ነበር። ነክቶኛል።»

 ያ በወረቀቱ አፉን የጠረገው ሰውዬ የሮይስ ዓይን ላይ ተደቀነ፤ የዌንደልን ትከሻ መታ መታ አደረገው።

ውጤቱን የክለቡ አስተዋዋቂ ኬንድራ ሜዳው መሀል ቆማ አበሰረች፤ ዱክ ራፈርቲ። ዌንደል ያገኘውን የድምፅ ቁጥር ስትናገርማ ሕዝቡ ሳቀ፤ ያን ያህል ትንሽ ነበር። ዌንደል ከመጀመሪያው ረድፍ ወንበሩ ላይ ሆኖ አጨበጨበ። ኦፓል አላጨበጨበችም። ካሜራው ዌንደልን የሜዳው ትልቅ ስክሪን ላይ ብልጭ አድርጎት ወዲያው ወደ ዱክ ዞረ።

ሮይስ ኳሷን ተቀብሎ ወደ መወርወሪያው ጉብታ ወጣ። ዱክ ቦርጩን አስቀድሞ፣ ለሕዝቡ እጁን እያውለበለበ፣ ዱላውን ይዞ ቆመ። ቀልዳቸው እንዲሰማ ኬንድራ ኮሌታው ላይ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ሰክታለታለች።

«ሮይስ፣ ወንድምዓለም፣ እንደዚያን ቀን መሀል ላይ አምጣልኝ» አለ ዱክ፤ ድምፁ ሜዳውን ሞላው። ሕዝቡ ሳቀ።

ሮይስ ወረወረ። መሀል ላይ አልነበረም፤ ክንድ ያህል ወደ ውጭ ነበር። ዱክ ሰንዝሮ ሳታት። ሁለተኛዋን ይበልጥ አራቃት። ዱክ ዘሎ ሰንዝሮ ሳታት። ሦስተኛዋ ደግሞ መሬት ልትነካ ምንም አልቀራት፤ እሷንም ሰነዘረባት፤ ሊወድቅ ተንገዳገደ። ድሮም እንዲህ ነበር። ለዱክ ጥሩ ኳስ ለመወርወር የሚገደደው ክንዱ ያለቀበት ሰው ብቻ ነው።

ፉጨቱ ቀለጠ። «ውጣ፣ አንተ ቅናታም!» «ለሽማግሌ እንዲህ ይወረወራል?» የሆት ዶግ ወረቀት ተጠቅልሎ መዝነብ ጀመረ። ኬንድራ ደንግጣ ድምፅ ማጉያዋን አነሳች።

«ምንም አይደለም ወገኖቼ፣ ዛሬ ለዱክ ክብር ሆት ዶጉ በነጻ ነው። ሱቆቹ ተከፍተዋል።»

ሕዝቡ ብድግ አለ። የሚያፏጨው ፉጨቱን እዚያው ትቶ ሮጠ። እየተጋፉ፣ ልጆቻቸውን እየጎተቱ፣ የቢራ ብርጭቆ እየረገጡ በየመውጫው ፈሰሱ። ሮይስ ጉብታው ላይ ቆሞ ያንን ሁሉ ጀርባ አየ።

ዱክ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ እያለከለከ መጣ። የተቆጣ አይመስልም።

«አንተ ክፉ። ዛሬም እንደዚያን ቀን ደክመህ ቢሆን ኖሮ አሳይህ ነበር።»

«ያን ቀን ማን ነበር ያደከመኝ?» አለ ሮይስ።

 ዱክ ፊቱን ወደ መጀመሪያው ረድፍ አዞረ። «ዌንደል ነዋ» አለ። «ዌንደል ስታውተር። እኔ ለወደቀ በሬ ቢላ ያወጣሁ ሰው ነኝ። ከእኔ ይበልጥ ነበር፤ አውቀው ነበር፤ ሐውልቱም የእሱ ነው።»

ኮሌታው ላይ የተሰካው ድምፅ ማጉያ አልተዘጋም ነበር። ቃሉ ከአራቱም ማዕዘን አስተጋባ፤ በባዶ ወንበሮች ላይ። ሮይስ ዙሪያውን አየ። የሰማ የለም። ከሱቆቹ በኩል የሰልፍ ጭቅጭቅ ይመጣል።

የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ግን ዌንደል ከወንበሩ አልተነሳም፤ ኦፓል እጁን ይዛዋለች። ሮይስ ወደ እነሱ ሲራመድ አንዲት ደግ ፊት ያላት ወጣት ክንዷ ሙሉ ሆት ዶግ ታቅፋ ደረጃውን ወረደች። ዌንደልን ስታይ ቆመች።

«አባባ፣ መሰለፉ ከበደዎት አይደል? ይኸው፣ አንዱን ይውሰዱ። የዱክ ግብዣ ነው።»

ዌንደል ተቀበላት። «አመሰግናለሁ ልጄ።»

«ቅድም በድምፅ ማጉያው የማንን ስም ነው ሲጠራ የሰማሁት? ስታውተር ነው ያለው?»

ሮይስ አፉን ከፈተ። ሊናገር ነበር፤ ሁሉንም፣ ፎቶው ላይ ከቀረው ክርን ጀምሮ። ዌንደል ቀደመው።

«ድሮ እዚህ ይጫወት የነበረ ሰው ነው።»

«ጎበዝ ነበር?»

 ዌንደል በእጁ ያለውን ሆት ዶግ አየ፣ ሮይስን አየ።

«በጣም» አለ። «በጣም ጎበዝ ነበር።»

«እኔ ግን ሰምቼው አላውቅም» አለች ልጅቱ፣ ሰናፍጩን የት እንዳስቀመጡት በዓይኗ እየፈለገች።